እማዬን አልጋው ላይ አስተኝተው ፎቶ ካነሷት በኋላ ሳያክሟት አስወረዷት፤ ለምን?

ልጅ_ከአዘዞ (ሰኞ፣ ምሽት 2፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እማዬ የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ተገኝቶባት ከጎንደር ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ጨረር ጀምራለች። አብራት ያለችው ታናሽ እህቴ ናት፤ እኔ ሥራ ጥዬ መሄድ ስላልቻልኩ እዚሁ አዘዞ ሆኜ በስልክ ነው የምከታተለው። ዛሬ እህቴ እያለቀሰች ደወለች። ጠዋት ተራዋ ደርሶ ገባች፣ አልጋው ላይ አጋደሟት፣ ማሽኑ ዙሪያዋን አንዴ ዞሮ ፎቶ አነሳት። አሁን ይጀምራል ሲባል ልጆቹ ተመልሰው ገቡና «እማማ፣ ዛሬ እንዲህ ሆነው አንሰጥዎትም፤ ይውረዱና ውሃ ጠጥተው ይጠብቁ» ብለው አወረዷት። ተራዋን ለሌላ ሰው ሰጡባት። የታከመችው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አድርገዋት ነበር።

ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንዳልል ሌላው ሰው ሲታከም ውሏል። ደግሞ ይሄን ፎቶ ዕለት ዕለት ነው የሚያነሷት። መጀመሪያ ሲቲ ስካን ተነሥታ፣ ሆዷና ዳሌዋ ላይ ምልክት ተደርጎላት የለም ወይ? የሚመታው ቦታ ታውቆ ካለቀ በኋላ በየቀኑ ራጅ ምን ያደርጋል? ጨረር በጨረር ላይ አይሆንባትም?

ጥርጥሬ (ሰኞ፣ ምሽት 3፡05)

እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እኔ ግን ነገሩ ወረፋ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሲበዛባቸው «ውሃ ጠጪ» ብሎ ማስቀመጥ ይቀላል። ፎቶውም ዋጋ መጨመሪያ ይሆናል። በየቀኑ ማንሳት ምንድን ነው?

የማራኪዋ (ሰኞ፣ ምሽት 3፡20)

@ጥርጥሬ እባክህ ሰው ተጨንቆ በጻፈበት ላይ ነዳጅ አታርከፍክፍ።

እኔ ወንድሜን አስታምሜያለሁ፤ የሱ ከአፍንጫው በስተጀርባ ነበር። ለሱ ውሃ ሳይሆን ጭንብል ነው የተሠራለት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲለሰልስ ፊቱ ላይ ዘርግተው እስኪደርቅ ይጫኑታል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያንኑ አጥልቀው አልጋው ላይ ይቆልፉታል። ለሱም ፎቶ ያነሱ ነበር። መዋጥ እያቃተው ሲሄድ ከሳ፣ ጭንብሉ ውስጥ ፊቱ ይላወስ ጀመር። ፎቶው ላይ አይተው ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን አቁመው ጭንብሉን እንደገና ሠሩለት፣ ሲቲውንም እንደገና አነሱት። ያኔ እኔም ተናድጄ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፦ «የከሳውን ሰውዬ በወፍራሙ ሰውዬ ዕቅድ ማከም አልችልም» አለችኝ።

ሚሊሜትር (ሰኞ፣ ምሽት 4፡50)

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የሕክምና ፊዚክስ ነው፣ የምሠራው ግን ከአገር ውጭ ነው። እናትህን የማየት ዕድሉ ስለሌለኝ የእሳቸውን ጉዳይ ለሐኪማቸው እተዋለሁ። ስለ አሠራሩ ልንገርህ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ የተነሱት ሲቲ ስካን ለምርመራ አልነበረም፣ ለዕቅድ ነው። ሲሙሌሽን ይባላል። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ነው የሚያስተኙት፣ ምክንያቱም የማከሚያው ማሽን አልጋም ጠፍጣፋ ነው፤ ሰውነት በተኛበት ሁሉ ቅርጹን ይቀይራልና ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከግድግዳ የሚወጣው የሌዘር መስመር ቆዳቸው ላይ ባረፈበት ቦታ ነቁጥ ተደረገ። ከዚያ ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ምስሉን ንብብር በንብብር እየገለጠ ይሥላል፦ ይሄ የሚታየው ዕጢ፣ ይሄ ለዓይን ባይታይም ካንሰሩ ሊደበቅበት የሚችል አካባቢ፣ ይሄ የሽንት ፊኛ፣ ይሄ አንጀት። መጨረሻ ላይ ሰውነት ስለሚላወስ፣ አቀማመጥም በየቀኑ ልክ አንድ ስለማይሆን ዙሪያውን ኅዳግ ይጨመርበታል። ጨረሩ ከየት ከየት ገብቶ የት ምን ያህል እንደሚያርፍ እኛ የምናሰላው በዚህ ሥዕል ላይ ነው። ሲቲው ለስሌቱም ግድ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ አጥንት ይሁን ሥጋ ወይም አየር፣ ከጨረሩ ምን ያህል እንደሚያስቀር የሚነግረን እሱ ነው።

ችግሩ ያ ሥዕል የአንድ ቀን ሥዕል መሆኑ ነው። ሕክምናው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሳምንታት ይቀጥላል። ማህፀን ከሽንት ፊኛ በላይ ነው የሚቀመጠው። ፊኛው ሲሞላ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሲጎድል ወደ ፊት ይወድቃል። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ፊኛው ባዶ ሲሆን ሌላም መዘዝ አለው፤ ትንሹ አንጀት ክፍት ወዳገኘው ቦታ ወርዶ በጨረሩ መንገድ ላይ ይተኛል። አንጀት ደግሞ ጨረር አይወድም፤ ተቅማጡና ቁርጠቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዳሌያቸው ላይ ያለው ነቁጥ የሚመሰክረው ስለ ቆዳ ብቻ ነው። ማህፀን ዛሬ የት እንዳደረ ነቁጥ አያውቅም።

እህትህ ያየችው የማሽኑ ዙረት ይሄን ለማየት ነው። ከማከሚያው ራስ 90 ዲግሪ ዞር ብሎ አንድ ራጅ አመንጪ አለ፣ ትይዩው ደግሞ ጠፍጣፋ መቀበያ ሰሌዳ። በአንድ ዙር፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሡና ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ እንደ ሲቲ ያለ ምስል ያወጣል። ኮን ቢም ሲቲ ይባላል። ለጨረር ሕክምና እንዲህ እንደሚሠራ በዴቪድ ጃፍሬይ የሚመራ የሚሺጋን ቡድን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ማለት ለሙያው ገና ወጣት ነገር ነው። ያን ምስል ከመጀመሪያው ሲቲ ላይ ይደርቡታል። አጥንቱ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ከሸሸ፣ አልጋውን ከውጭ ሆነው 4 ሚሊ ሜትር ይመልሱታል። ይሄ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው።

የባዶ ፊኛ ነገር ግን አልጋ በማንቀሳቀስ አይስተካከልም። አጥንቱ ልክ ሆኖ ማህፀኑ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥም ያለው ምርጫ እንዲሁ መስጠት ወይም ማውረድ ነው። እንዲሁ መስጠቱ ለነሱም ይቀላል፣ ወረፋውም ይሄዳል፣ ማንም አያውቅባቸውም። ያወረዷቸው ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ልጅ_ከአዘዞ (ሰኞ፣ ምሽት 5፡15)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ትንሽ ተነፈስኩ። ለእህቴ አነበብኩላት። ስለ ነቁጡ ስትሰማ የነገረችኝ ያስቃል፤ እማዬ አንገቷ ላይ እንደ አገራችን ንቅሳት አላት፣ ዳሌዋ ላይ ነቁጡን ሲያደርጉላት «በልጅነቴ እናቴ ነቀሰችኝ፣ በእርጅናዬ ደግሞ ሐኪም» ብላቸው ክፍሉን በሳቅ ሞልታዋለች አለች።

የጨረሩን ብዛት ግን አልመለስክልኝም።

ሚሊሜትር (ሰኞ፣ ምሽት 5፡30)

እውነትህን ነው። ለማህፀን በር ጫፍ ከውጭ የሚሰጠው በተለምዶ በቀን 1.8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሆኖ በ25 ጊዜ 45 ግሬይ ነው። የአንድ ቀን ኮን ቢም ሲቲ ከዕለቱ መጠን ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ከንቱ አይደለም፣ ስለዚህ ያለ ምክንያት አይነሣም፤ አንዳንድ ቦታ ለአንዳንድ በሽታ በየቀኑ ማንሳቱን ትተው በሳምንት አንዴ ያደርጉታል። ነገር ግን 1.8 ግሬዩ ያላሰብነው አንጀት ላይ ቢያርፍ ያንን የሚያህል ነው የምንቆጥበው።

ጥርጥሬ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10)

እሺ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ለክርክር አይደለም። ፎቶው ራሱ ቢዋሽስ? ፎቶ የሚያነሳው ሌላ ዕቃ ነው፣ የሚያክመው ሌላ ዕቃ ነው ብለኸናል፣ ያውም በ90 ዲግሪ። ሁለቱ አንድ ቦታ ማየታቸውን ማን አየ?

ሚሊሜትር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡45)

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የኔ የጠዋት ሥራ እሱ ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ ሳይገባ መሐሉ ላይ ትንሽ የብረት ፍሬ የተቀበረበት የፕላስቲክ ኩብ አልጋው ላይ እናስቀምጣለን። በፎቶው እናየዋለን፣ በማከሚያው ጨረርም እናየዋለን። የፎቶው መሐል ከጨረሩ መሐል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ፣ ለተራው ሕክምና እንኳ ቢሆን ሥራ አይጀመርም። እንደ አንጎል ውስጥ ላለ ትንሽ ዕጢ በአንዴ ከፍተኛ መጠን ለሚሰጥበት ሕክምና ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ነው ልኩ። ኩቡን ሆን ብለን አጣምመን አስቀምጠን አልጋው በትክክል መልሶ ያቀናው እንደሆነም እናያለን።

ከዕቃው በላይ ግን የሚዋሸው ዓይን ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ አጥንትን ከአጥንት ያጋጥምና «ልክ ነው» ይላል። ምስሉን ያየው ሰው ቸኩሎ እሺ ካለ ማህፀኑ ከመሥመር መውጣቱ ሳይታይ ያልፋል። የኮን ቢም ምስል ከተራው ሲቲ የደበዘዘ ነው፣ ሥጋን ከሥጋ መለየት ዓይን ይፈልጋል።

ሲስተር_ፒያሳ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30)

ሁላችሁም ስለ ማሽኑ አወራችሁ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ጽሑፍ «ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የታከመችው» የምትለዋ ቆነጠጠችኝ።

ልጅ_ከአዘዞ፣ እናትህ ይጾማሉ?

እዚሁ ጎንደር የካንሰር ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። ሁዳዴ ነው። እናቶቻችን መጾማቸውን ለባለሙያ አይናገሩም። «ውሃ ጠጥተዋል ወይ እማማ?» ሲባሉ «አዎ ልጄ» ይላሉ፤ የማታውን ማለታቸው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ተራቸው ሲደርስ ከሌሊት ጀምሮ ጉሮሯቸውን ምንም ያልነካው ሰው ፊኛ ምን ሊኖረው ነው? ከ9 በኋላ አፋቸውን ይፈታሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ያኔ ፎቶው ልክ ይመጣል። እህትህን ጠይቃት።

ልጅ_ከአዘዞ (ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡20)

ሲስተር፣ እንዳልሽው ነው። እህቴን ጠየቅኳት፣ ዝም አለች፣ ከዚያ «እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች» አለች። የጾም ምግብ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከእህል ከውሃ ርቃ እስከ 9 ነው የምትቆየው። ለሐኪሞቹም አልተናገረችም። ስንነግራት «ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ አሁን በዚህ ሰዓት ልብላ? ይሄኔ ነው እንጂ የሚጾመው» ነው የምትለው። ምን ልበላት?

የቀሃ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡45)

አንተ ምንም አትበላት። የንስሐ አባቷ ይበሏት። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች፤ እሷ ግን ካንተ አፍ አትሰማውም። አሁኑኑ ደውልላቸው፣ ከዚያ ስልኩን ከሷ ጋር አገናኛቸው። በሌላ ሰው በኩል «አባ እንዲህ አሉ» ብትላት አታምንህም፣ ድምፃቸውን ትስማ።

ለአባ ደግሞ ነገሩን በወጉ አስረዳቸው። መድኃኒት በባዶ ሆድ ከመውሰድ የተለየ ነው። ውሃው ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው በላቸው።

ሲስተር_ፒያሳ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡30)

የቀሃ ልጅ ቃሌን ወሰድክብኝ። አንድ ልጨምር፤ አብዛኛው የማህፀን በር ጫፍ በሽተኛ ከጨረሩ ጎን በሳምንት አንዴ ኬሞ ይወስዳል፣ ሲስፕላቲን የሚባለውን። እናትህም ከሆኑ፣ ያ መድኃኒት ኩላሊት ላይ ከባድ ስለሆነ ውሃ ያለ መጠጣት ከፎቶው በላይ የሚያስፈራ ነገር ነው። መጾማቸውን ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ንገሩ። ይሄን ምሥጢር መያዝ አይገባም፣ መሐላውንም እግዜር ይፈታል።

የጾም ምግብ መብላቱን ማንም አይከለክልም። ግን ሽሮው፣ ባቄላው፣ ምስሩ ሲበዛ የሚያመጣውን ነፋት እናንተም ታውቁታላችሁ። ሚሊሜትር፣ እሱ ፎቶው ላይ ይታያል አይደል?

ሚሊሜትር (ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡00)

ይታያል እንጂ። ጋዝ ፎቶው ላይ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ነው የሚወጣው። የመጨረሻው የአንጀት ክፍል በጋዝ ወይም በሰገራ ሲነፋ የማህፀን በር ጫፉን ከኋላ ወደ ፊት ይገፋዋል። ፊኛ ከፊት፣ አንጀት ከኋላ፣ ማህፀን መሐል ላይ። ስለዚህ አንዳንዴ «ይሂዱና መጸዳጃ ቤት ተጠቅመው ይመለሱ» ብለው የሚያወርዱት ሰውም አለ። ምግባቸውን በራሳችሁ አትቀይሩ፤ ድርቀት ካለባቸው ለባለሙያዎቹ ይንገሩ፣ መፍትሔ ይሰጧቸዋል።

ጾሙን ሳነብ ግን ሥራ ቦታዬ ላይ ይሄን ማን ያስባል ብዬ አሰብኩ። እኛ «ፊኛቸው ለምን አይሞላም?» ብለን ሠንጠረዥ እንሠራለን፤ ሲስተር ከአንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘችው።

እምነት_ያድናል (ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡25)

እናቴ ለጡቷ ጨረር ልትጀምር ነው፣ ምልክቱ ተደርጎላታል። ጸበል ብትጠመቅ ምልክቱ ይጠፋል? እምነት ብትቀባስ? ደግሞ ጨረሩ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል፣ ልጆች አትቀፊ የሚሏት አሉ።

ሲስተር_ፒያሳ (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡10)

እህቴ፣ በመርፌ የተነቀሰ ነቁጥ ከሆነ ውሃ አያጠፋውም። በቀለም የተሠመረ ከሆነ ግን ይለቃል፤ ከደበዘዘ ቤት ውስጥ በእስክሪብቶ አትመልሱበት፣ ሄደው ለነሱ ያሳዩ። መጠመቁን ባለሙያዎቹን ጠይቁ፤ ቆዳው መቅላትና መላጥ ከጀመረ ማሸትና ማፋተግ አይስማማውም። እምነትም ሆነ ቅባት ሕክምናው የሚያርፍበት ቆዳ ላይ ሳይጠየቅ አይቀባ።

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ማሽኑ ሲጠፋ ያልቃል። ልጆቿን ትቀፍ፣ ትሳም።

አንገረብ (ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡00)

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። አባቴ ድሮ በኮባልት፣ በቀድሞው የጨረር ማሽን፣ ታክሞ ድኗል፣ እስከ ዛሬ ከኔ ጋር ቡና ይጠጣል። ያኔ ኮን ቢም የለ፣ ሰሌዳ የለ። ለብዙ ዓመታት በዚህች አገር ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጎንደር የሄደ ሰው ወራት ወረፋ ጠብቆ፣ ተራው ሳይደርስ የሞተውን ቤት ይቁጠረው። ስለ ሚሊ ሜትር እያወራን ነው፣ ሕዝቡ ግን ከማሽኑ 700 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። አንድ ረቂቅ ማሽን ከማቆም ሦስት ቀላል ማሽን አቁሞ ሰውን በጊዜው ማከም አይሻልም? የናንተ ፎቶ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም ወይ?

ሚሊሜትር (ማክሰኞ፣ ምሽት 5፡20)

ግማሹን እቀበልሃለሁ። ወረፋ ላይ ያለ ሰው በማንኛውም ፎቶ አይድንም። ኮባልትም ብዙ ሰው አድኗል፣ አባትህ ምስክር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ግን ሁለት ነገር ላስብህ። ኮባልት 60 በተፈጥሮው እየደከመ የሚሄድ ነው፤ በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ምንጩ ካልተቀየረ ያው መጠን እጥፍ ደቂቃ ይፈጃል፣ በሽተኛው በተኛ ቁጥር ይላወሳል፣ በቀን የሚታከመውም ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ወረፋውን ራሱ ያረዝመዋል።

ሁለተኛው ኅዳጉ ነው። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ነገር አስብ። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ብትጨምርበት የሚመታው ይዘት ከዋናው 2.7 እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትጨምር 1.7 እጥፍ። በመሐል ያለው ልዩነት በሙሉ ጤነኛ ሥጋ ነው፦ የአንዷ ሴት ፊኛ፣ የአንዱ ሰው ምራቅ ዕጢ። በሰፊ ኅዳግ መዳን ይቻላል፤ ከዳኑ በኋላ ግን ሽንት መቋጠር አቅቷቸው፣ ከሰው ተደብቀው የሚኖሩ እናቶች አሉ፤ ያ «ድናለች» ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ሐኪሙም የጎኑን ጉዳት እየፈራ መጠኑን ዝቅ ካደረገ ዕጢው ይተርፋል።

የምፈራው ግን አንተ ከምትፈራው ተቃራኒውን ነው። ረቂቁ ማሽን መጥቶ፣ ኅዳጉ ጠብቦ፣ ከዚያ ወረፋ በዛ ተብሎ ፎቶው እንዳይዘለል። ፎቶ የሌለው ጠባብ ኅዳግ ከድሮው ሰፊ ኅዳግ የባሰ ነው፤ የድሮው ቢያንስ ዕጢውን አይስተውም። ፎቶውን ማየት የማይቻል ከሆነ ሰፋ አድርጎ መምታት ይሻላል፤ ይሄን ስል የሚቆጡኝ ባልደረቦች አሉ።

ቅንጦት ስላልከው አንድ ታሪክ ልንገርህና ልተኛ። ሲቲ ስካን የተጀመረበት ሐሳብ አንዱ ሥር ያለው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። አለን ኮርማክ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የፊዚክስ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕ ታውን ውስጥ ግሩት ሹር ሆስፒታል የፊዚሲስቱ ቦታ ክፍት ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እንዲያግዝ ተጠራ። እዚያ የጨረር ሕክምና ሲሰላ የሰው ገላ ውስጡ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ ተደርጎ መሆኑን አየ፤ አጥንት የለ፣ ሳንባ የለ። ይሄ አልዋጥልህ አለውና ውስጡን ከውጭ ሆኖ ለማወቅ የሚያስችለውን ሒሳብ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 አሳተመው፣ ያዳመጠው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በኋላ ሃውንስፊልድ እንግሊዝ ውስጥ ማሽኑን ሠርቶ በ1971 የመጀመሪያዋን በሽተኛ አነሳ፤ በ1979 ኖቤሉን ሁለቱ ተካፈሉ። ጥያቄው የተነሳው «ጨረሩ የት ነው የሚያርፈው?» ከሚል የሆስፒታል ጭንቀት ነው።

አንገረብ (ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50)

ታሪኩን ወደድኩት። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ለአንተ ኅዳግ ነው፣ ለኛ አውቶቡስ ነው። የጨረር ማዕከል ይቋቋማል በተባለበት ከተማ ሁሉ ማሽኑ ከመጣ በኋላ ማን ነው የሚያቅደው፣ ጠዋት ኩቡን ማን ነው የሚያስቀምጠው፣ መብራት ሲጠፋስ? ከማሽኑ በፊት እንዳንተ ያለው ሰው ወደ አገሩ ቢመለስ ይሻላል። ይሄን ስድብ አድርገህ አትይዝብኝም አይደል?

ሚሊሜትር (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15)

አልይዝም። እናቴም በየሳምንቱ ነው የምትለኝ።

ጥርጥሬ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00)

አንገረብ መታህ 😄

ቅድም ነገሩ ወረፋ ነው ያልኩት ግን አሁንም የሚሆንበት ቦታ የለም አልልም፤ እዚህ ላይ ግን አይደለም።

ልጅ_ከአዘዞ (ሐሙስ፣ ምሽት 1፡30)

ወዳጆቼ፣ የደረሰውን ልንገራችሁ። አባን ደወልኩላቸው። ሳልጨርስ ገባቸው። እማዬን በስልክ አገናኘኋቸው፣ እኔ አልሰማሁም፣ እህቴ ግን ሰምታለች፤ «የሐኪምሽን ቃል እንደኔ ቃል ተቀበይ፣ ከጠዋት ጀምረሽ ጠጪ፤ ጾሙን እኔ እጾምልሻለሁ» ብለዋታል። አለቀሰች፣ ከዚያ እሺ አለች። ለሐኪሟም ተነገረ፤ ደሟን አስመርምረው ኩላሊቷ ደህና ነው አሏት። ልጆቹም ሥርዓት አበጁላት፦ ተራዋ ሲቃረብ ሽንቷን ትሸናለች፣ ከዚያ የሰጧትን ልክ ውሃ ጠጥታ በነገሯት ደቂቃ ልክ ትጠብቃለች። ትናንትም ዛሬም አንዴ ፎቶ፣ ወዲያው ሕክምና፣ ወጣች። እህቴ እንደምትለው አሁን እማዬ ራሷ ወረፋ ላይ ያሉትን ሴቶች «ጠጥተሻል?» እያለች ትቆጣጠራለች።

አሁን ሐኪሟ ከውጭ የሚሰጠው ሲያልቅ «ከውስጥ የሚሰጥ» አለ አሏት። እሱ ደግሞ ምንድን ነው? እዚያስ ፎቶ አለ?

ሚሊሜትር (ሐሙስ፣ ምሽት 4፡00)

ብራኪቴራፒ ነው። ለዚህ በሽታ አይቀሬ ነው፤ «ከውጩ አልቋል፣ ደህና ነኝ» ብለው ወደ ጎንደር እንዳይመለሱ። በማህፀን በር በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ጨረር አመንጪዋ ፍሬ፣ ብዙ ቦታ ኢሪዲየም 192፣ በሽቦ ተጎትታ ለደቂቃዎች እዚያ ውስጥ ትቆይና ትመለሳለች። ምንም ውስጥ አይቀርም። ጥቅሙ ጨረሩ ከፍሬዋ በራቀ ቁጥር በፍጥነት መውደቁ ነው፤ ዕጢው ብዙ ያገኛል፣ ጎረቤቱ ጥቂት። ጉዳቱም እሱው ነው፦ ቱቦው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሸሽ ሒሳቡ ይፈርሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ምስል ከውጪው ይበልጥ እንጂ አያንስም። ድሮ በሁለት ራጅ ፊልም ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት ነጥብ ተወስዶ ነበር የሚሰላው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአውሮፓ ባለሙያዎች ባወጡት መመሪያ መሠረት ቱቦው ገብቶ እያለ ኤምአርአይ ይነሣና የተረፈው ዕጢ ተሥሎ ለዚያች ሴት ብቻ ይሰላል። ኤምአርአይ በማይደረስበት ቦታ በሲቲ ወይም በአልትራሳውንድ ይሠሩታል።

ሕክምናው በሙሉ፣ ከውጩም ከውስጡም፣ ከተጀመረበት ቀን በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ከአሁኑ ይጠየቅ።

የማራኪዋ (ሐሙስ፣ ምሽት 4፡35)

ኤምአርአዩን ጎንደር ተነሥታ ከነበረ ሲዲው ቤት ውስጥ ካለ ፈልገህ ላክላት፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ምስሉን ራሱን ነው የሚፈልጉት። የወንድሜ ጊዜ ሲዲው እዚህ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ስንለምን ነበር። እሑድ ጠዋት የሚበር የሰፈራችን ሰው አለ፤ ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ልጅ_ከአዘዞ (ሐሙስ፣ ምሽት 4፡50)

አለ፣ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ጻፍኩልሽ።